ዘጠኝ ለባርናቤ

«የሞርሴልን ደወል ከእኔ በቀር የሚችልበት የለም!» አለች ሶሊን፣ የቡና ስኒ የሞላውን ትሪ ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጋ። «አያቴ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ነው ያስተማረኝ። ዓይኔን ጨፍኜ እደውለዋለሁ። በአንድ እጄ እደውለዋለሁ። ከፈለጋችሁ ዳቦ እየገመጥኩ እደውለዋለሁ።»

ማድ ቤቱ ውስጥ ጥቁር ለብሰው የተደረደሩት ስድስት ባልቴቶች ስኳራቸውን ማማሰል አቆሙ።

«ድምፅሽን ቀንሺ» አለቻት እናቷ ሚሬይ፣ ከምድጃው ሳትዞር። «አባቴ ጓዳ ተኝቷል።»

«ተኝቶ አይደለም፣ ሞቶ ነው። ለዚያ እኮ ነው ደወል የሚያስፈልገው!»

አፏ አያርፍም እንጂ እውነቷን ነበር። አያቷ ባርናቤ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሞተ። እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ የመንደሩ ወግ አንድም ሳይቀር ተፈጽሞለታል፤ የግድግዳው ሰዓት ቆሟል፣ መስተዋቱ በአንሶላ ተሸፍኗል፣ የመስኮቶቹ የእንጨት መዝጊያዎች ተዘግተዋል፣ ራስጌው ባለች ሳህን ውስጥ በሆሳዕና የተባረከች ቅጠል ጠበል ላይ ተቀምጣለች። የመጣ ሁሉ ቅጠሏን አንስቶ ሬሳው ላይ በመስቀል ምልክት ይረጫል፣ ከዚያ ማድ ቤት ገብቶ ቡናውን ይጠጣል፤ ብርድ ብርድ ያለው ደግሞ የፖም አረቄ ጠብ ያስደርግበታል። ያን ቀን ብርድ ብርድ ያላለው ሰው አልነበረም። የጎደለው ደወሉ ብቻ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የሞርሴልን ሙት ሁሉ በደወል የሸኘ ሰው፣ ራሱ በዝምታ ሊቀበር ነው።

የዝምታው ባለቤት ከንቲባው ሙሴ ቪኞል ነበር። ያን ዕለት መጣ፤ ፋይሉን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ። ለለቅሶም ፋይል ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀና ብሎ ቤቱን አየና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሚሬይ፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ» አለ። ከዚያም፣ «መዝጊያዎቹ ግን... ሰማያዊ ናቸው» አለ።

«እኔም ያየሁት ዛሬ ነው ሙሴ ቪኞል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞርሴል ውስጥ አርባ አንድ ሰውና አራት ቅርስ አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ጣሪያ የሌለው ክቡ ግንብ፣ በእንጨት ምሰሶ የቆመው የገበያ አዳራሽ፣ ልብስ ማጠቢያው ገንዳ። ቅርሶቹ እያንዳንዳቸው ሰሌዳ አላቸው፤ ሰዎቹ የላቸውም። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሞ የሚታይ ቤት ያለው ሰው ደግሞ ያለ ወረቀት ምስማር እንኳ አይመታም። ባርናቤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የመስኮቱን መዝጊያ ሰማያዊ ልቀባ ብሎ ጠየቀ። መልሱ በሁለት ዓመቱ መጣ፤ ግራጫ። «እሺ» አለና ግራጫ ቀባ። መዝጊያ ሲከፈት የሚታየውን ፊት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቀንም ሆነ ሌሊት ዘግቶት አያውቅም፤ «እኔ ከሰው የምደብቀው የለኝም» ይል ነበር። ዛሬ ልጁ ለሐዘን ስትዘጋው፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ዘጠኝ ዓመት የከረመው ሌላው ፊት ወደ መንገዱ ወጣ። እንደ ሰማይ የጠራ ሰማያዊ! ሞቶ እንኳ ከንቲባውን ሊያናድድ የተዘጋጀ ሰው ነበር።

ሙሴ ቪኞል የመዝጊያውን ነገር ለጊዜው ተወው። ጓዳ ገብቶ በቅጠሏ ረጨ፤ ሲወጣ ግን ዓይኑ ባርናቤ የቅርሶቹን ቁልፎች የሚሰቅልበት ምስማር ላይ ነበር።

«የግንቡ አለ፣ የአዳራሹ አለ፣ የገንዳው አለ» አለ እያወረዳቸው። «የቤተ ክርስቲያኑስ?»

«እሱ ከአያቴ ጋር ነው» አለች ሶሊን።

አልዋሸችም። ክንድ የሚያህለው ቁልፍ በዚያች ሰዓት ከፍራሹ ሥር፣ ከባርናቤ ወገብ በታች ነበር። ጠዋት ራሷ ነች የከተተችው። ሙሴ ቪኞል ግን ቁልፉ ከሟቹ ጋር የሚቀበር መስሎት ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ፣ ደወሉ የታሸገው ለክፋት አይደለም። ደወሉን የተሸከመው አግዳሚ እንጨት በስብሷል። ወረቀቱ ሲመጣ ይጠገናል።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«በፀደይ ይመስለኛል።»

«አያቴ የሚቀበረው ሐሙስ ነው። እስከ ፀደይ ይቆይ ልበለው?»

አንዷ ባልቴት ሳቋን በአረቄዋ ዋጠችው። ሚሬይ ግን የልጇን ክንድ ቆንጥጣ ወደ ምድጃው ጎተተቻት።

ባለፈው መከር ነበር ሁለት ሰዎች ከከተማ መጥተው ማማው ላይ የወጡት። እንጨቱን በትንሽ መዶሻ ቆርቆር አደረጉት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ምሳ በሉ፣ ሄዱ። በማግስቱ የደወሉ ገመድ ያለበት ክፍል በር ላይ ቀይና ነጭ የፕላስቲክ ጥብጣብ ተዘረጋ። ባርናቤ ጥብጣቡን ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየና፣ «እንግዲህ ወረቀቱ እስኪመጣ እንዳትሞቱ» አለ ለመንደሩ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ቃሉንም አከበረ። ቀልዱን ያበላሸው ራሱ ነው።

ሶሊን ያን ሌሊት የተኛች አይመስላትም። በንዴት ስትገላበጥ ነጋ። ደግሞ የተናደደችው በከንቲባው ብቻ አልነበረም፤ በሟቹም ጭምር ነው። አያቷ ድንጋይ ነበር። ሴት አያቷ ስትሞት ሶሊን ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ቤቱ በለቅሶ ሲናወጥ እሱ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ፣ ደወለ፣ ተመለሰ፣ ተቀምጦ ሾርባውን ጠጣ። ፊቱ ደረቅ ነበር። «አታለቅስም እንዴ?» ብትለው «ጨርሻለሁ» አላት። ሰው ሚስቱን በግማሽ ሰዓት ይጨርሳል? ይህን ነገር ስምንት ዓመት ሙሉ ይቅር አላለችውም። ሆኖም ያው አያቷ ነው። ደወሉ ደግሞ የእሱ ነው።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ባልቴቶቹ ማድ ቤቱን ሲሞሉት፣ ጓዳ ገባች። «ይቅርታ አባባ፣ ትንሽ ከፍ በል» ብላ ቁልፉን ከሥሩ ሳበች፤ ቀሚሷ ውስጥ ከታ በጓሮ ወጣች።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጡ እንደ ጉድጓድ ቀዝቅዞ ነበር። ጥብጣቡን በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ ሥሩ ሾለከች። ገመዱ እንደ ጥንቱ ተንጠልጥሏል፤ የባርናቤ እጅ የሚይዘው ቦታ ጠቁሮ ይወለውላል።

እዚህ ቦታ የማታውቀው ነገር የለም። በሰባት ዓመቷ ነው አያቷ ትልቅ ባርኔጣውን ጭንቅላቷ ላይ ደፍቶ የገመዱን ጭራ ያስያዛት። ሲደውል ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ ለሰው ጀርባውን ይሰጣል። ጥበቡ ይህ ነው ብላ ያዘች። መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ ዝምታ፤ ደግሞ ሁለት፣ ዝምታ፤ ደግሞ ሁለት። በዚያ መሀል የሚያናድዳት አንድ ነገር ብቻ ነበር። አጥር የሚጋሯቸው ጎረቤታቸው እማማ ሌዎንቲን በእያንዳንዱ ለቅሶ ከኋላ ይቆሙና በዱላቸው የድንጋዩን ወለል ጧ፣ ጧ ያደርጋሉ። «ምንድነው የሚያደርጉት?» ብላ ብትጠይቅ አያቷ «ተያቸው፣ ጸሎታቸው ነው» አላት።

ዛሬ የሚያንጓጓ ዱላ የለም። እማማ ሌዎንቲን ከእሑድ ጀምሮ እግራቸው አብጦ አልጋ ላይ ናቸው፤ ለለቅሶም አልመጡም። ሶሊን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ገመዱን ጨበጠች፣ ሙሉ ክብደቷን ጣለችበት።

ደወሉ ጮኸ። ሁለት። አቧራ ፀጉሯ ላይ ረገፈ፤ አግዳሚው አልረገፈም። ሁለት። ከገበያው አዳራሽ ጣሪያ ርግቦች ግር ብለው ሲነሱ ሰማች። ሁለት። ከዚያ ገመዱን ይዛ ቆመች፤ ደስታዋ ከእግሯ እስከ ራሷ ነበር። ይኸው አባባ። ይኸው ወረቀቱ።

ወደ ቤት የተመለሰችው ደረቷን ነፍታ ነው። ባልቴቶቹ ሊስሟት ነው፤ እናቷ ትቆጣና ከዚያ ታለቅሳለች፤ ከንቲባው ፋይሉን ይበላል። በሩን በርግዳ ስትገባ ማድ ቤቱ ባዶ ነው። ስኒዎቹ ይጨሳሉ። አንድ ወንበር ተገልብጧል። በጓዳው በር ሲታይ፣ የራስጌው ሳህን ውስጥ የነበረችው ቅጠልም የለችም። እናቷ ብቻ፣ ሬሳ ብቻውን አይተውምና፣ የጓዳውን በር ተደግፋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ማን ሞተ?» አለች ሚሬይ።

«ምን ማለትሽ ነው? አባባ ነዋ!»

«ሁለት ሁለት እኮ ነው የተደወለው። ሴት ናት። ሁሉም ወደ እማማ ሌዎንቲን ቤት ሮጡ፤ በሽተኛዋ እሳቸው ናቸው...» ሚሬይ የልጇን አቧራማ ፀጉር አየች። ቀስ ብላም ገባት። «ሶሊን። አንቺ ነሽ?»

«ለሰው የሚደወለው ሁለት ሁለት አይደለም እንዴ?»

«ለሴት ነው! ለሴት ሦስት ጊዜ ሁለት፣ ለወንድ ሦስት ጊዜ ሦስት። ሞርሴል ውስጥ ይህን የማያውቅ ድመት እንኳ የለም!»

ሶሊን አቧራማ እጇን ዘረጋች። በጣቷ ትቆጥር ጀመር። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት፣ ሴት አያቷ፣ ሁለቱ እህትማማቾች፣ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ... እሷ ገመድ ከያዘች ወዲህ አሥራ አንድ ሰው ተቀብሯል፤ አሥራ አንዱም ሴቶች ናቸው። የሞርሴል ሽማግሌ ወንዶች ከዚያ በፊት ተጠራርገው አልቀዋል፤ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ እምቢ ብለው በሕይወት አሉ። የወንድ ደወል መስማቷን አታስታውስም።

ስትደርስ የእማማ ሌዎንቲን ደጃፍ በሰው ተሞልቷል። አሮጊቷ በሌሊት ልብሳቸውና በአንድ ካልሲ፣ በአንድ እጃቸው ዱላ በሌላው ግማሽ የተላጠ ባሮ ሽንኩርት ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው፤ ድምፃቸው ግን ከግንቡ ማዶ ይሰማል።

«ማነው የገደለኝ?»

ሰዉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ሾርባዬን ልሠራ ቁጭ ባልኩበት፣ ይቺ ዘላ ገብታ ጠበል ረጨችብኝ! ድስቴም ውስጥ ገባ!» አሉ፣ በሽንኩርቱ ወደ አንዷ ባልቴት እየጠቆሙ። ባልቴቷ ቅጠሏን ከጀርባዋ ደበቀች። «ያኛዋ ደግሞ ዓይኔን ልትከድን መጣች። ያልተከደነ ዓይን እያየኋት!»

«ደወሉ እኮ...» አለ ሙሴ ቪኞል።

«ደወሉን ሰምቻለሁ። ደንቆሮ አይደለሁም። ስድስቱንም ቆጥሬ፣ ‹ማን ይሆን ምስኪን› እያልኩ ነበር።»

ቀስ በቀስ ሰው ሁሉ ወደ ሶሊን ዞረ። ፀጉሯ ላይ የስምንት መቶ ዓመት አቧራ አለ፤ መካድ አይቻልም። ሙሴ ቪኞል መዳፉን ዘረጋ። ቁልፉን ከቀሚሷ አውጥታ ሰጠችው። አንድ ሰው «ዳቦ እየገመጠች ነበር የደወለችው?» ሲል ሰማች፤ ሳቁ እስከ ገንዳው ድረስ ተከተላት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እማማ ሌዎንቲን መጡ። እብጡ እግራቸው ጫማ እምቢ ስላለው በነጠላ ጫማ ነው የመጡት። ጓዳ ገብተው በቅጠሏ ረጩ፣ ወንበር አስጠጉ፣ «ሁላችሁም ውጡ» አሉ። ሶሊን ልትወጣ ስትል ዱላው መንገዷን ዘጋው።

«አንቺ ቁጭ በይ።»

ቁጭ አለች። አሮጊቷ ሟቹን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ማን አስተማረሽ ሁለት ሁለቱን?»

«አያቴ።»

«እሱ መቁጠር መች ይችል ነበርና።»

«እንዴት አይችልም? አርባ ዓመት ደውሏል!»

«አርባ ዓመት የቆጠርኩት እኔ ነኝ።» እማማ ሌዎንቲን ዱላቸውን አንስተው ወለሉን ነኩ። ጧ። ጧ። «በዚህ። ገመዱን እንደጨበጠ ማልቀስ ይጀምራል። ከጀመረ ደግሞ ሁለትና ሦስቱን አይለይም። የመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ሽማግሌ አሥራ አራት ጊዜ ደወለለት፤ ሰው እሳት ተነሣ ብሎ ባልዲ ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ከኋላው ቆሜ በዱላ ቆጠርኩለት።»

«አያቴ አያለቅስም» አለች ሶሊን። ድምጿ ግን ቀጥኖ ነበር።

«ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞረው ታዲያ ድንጋዩን ሊያደንቅ ነው?»

ሶሊን ወደ ሟቹ ዞረች። ደረቁ ፊት ታወሳት፤ ሾርባው፤ «ጨርሻለሁ» ያለው። እዚያ ጨርሶ ነው ለካ የመጣው። እሷም ትናንት ፊቱን ያዞረበትን ግድግዳ፣ ጥበብ መስሏት፣ አፍንጫዋ እስኪነካው አይታዋለች።

«ለሴት አያትሽ የደወለ ቀን» አሉ እማማ ሌዎንቲን፣ «ስድስተኛው ላይ ገመዱን አልለቅም አለኝ። ጣቶቹን አንድ በአንድ እኔ ነኝ የፈታሁት።» ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ያን ቪኞልን ጥሪልኝ።»

ሙሴ ቪኞል ስኒውን እንደያዘ መጣ።

«አንተ፣ ነገ ቁልፉን ታመጣለህ።»

«እማማ ሌዎንቲን፣ አግዳሚው...»

«ለእኔ ስድስት ጊዜ ተደውሎ አልወደቀም። ለባርናቤ ዘጠኝ ጊዜ ቢደወል ይወድቃል? ያን ያህል ይጠላዋል?»

«ወረቀት ሳይመጣ ብፈቅድ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

«ከጠየቁህ ያዘዘችኝ ሌዎንቲን ናት በላቸው። ማክሰኞ እንደሞትኩ መንደሩ ሁሉ ምስክር ነው። የሞተ ሰው አይከሰስም።»

ከንቲባው ስኒውን አየ፣ ሬሳውን አየ፣ በጓዳው መስኮት ስንጥቅ የሚገባውን ብርሃን አየ። «መዝጊያዎቹስ?» አለ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ።

«ከቀብር በኋላ ይከፈታሉ» አለች ሶሊን። «ያኔ ግራጫ ይሆኑልዎታል።»

ሐሙስ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ በር ተከፍቶ ነበር። ሙሴ ቪኞል ጥብጣቡን በገዛ እጁ ጠቅልሎ ኪሱ ከትቶ፣ አግዳሚው ቢወድቅ የማያገኘው ቦታ ላይ ሄዶ ቆመ። ሬሳውን የተሸከሙት ከቤት ሲነሡ ሶሊን፣ የአያቷን ባርኔጣ ደፍታ፣ ገመዱን ጨበጠች፤ የባርናቤ እጅ ያጠቆረውን ቦታ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከኋላዋ ነጠላ ጫማ ሲንሸራተት ሰማች።

ጧ። ጧ። ጧ። ሦስቱን ሳበች። ዝምታ።

ጧ። ጧ። ጧ። ግድግዳው ዓይኗ ውስጥ መዋኘት ጀመረ። ስንተኛው ላይ እንደሆነች ጠፋት፤ አምስት ይሁን ስድስት፤ ዱላውን ብቻ ተከተለች።

ጧ። ጧ።

ከዚያ ዱላው ቀረ።

ጠበቀች። ከኋላዋ ምንም የለም። ቀስ ብላ በትከሻዋ ላይ አሻግራ አየች። እማማ ሌዎንቲን ዱላቸውን ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው ቆመዋል። አገጫቸው ይንቀጠቀጣል። ዱላው አልወርድ ብሏቸዋል።

ሶሊን ወደ ግድግዳው ተመለሰችና የመጨረሻውን ብቻዋን ሳበችው። ድምፁ እስኪያልቅ ገመዱን አለቀቀችም።

ሲያልቅ የአያቷን ባርኔጣ ከራሷ አወለቀችና ፊቷን በውስጡ ጠረገች። የፀጉር ቅባትና የትምባሆ ሽታ ነበረው። ከዚያ አገጯን ቀና አደረገች።

«ዘጠነኛውን ብቻዬን ነው የመታሁት፣ አይተዋል አይደል? አያስቡ እማማ፤ የእርስዎ ቀን ሲደርስም እኔ ነኝ የምደውልልዎት። አንድም አልሳሳትም።»

«የእኔንማ ማክሰኞ ጨርሰሻል» አሉ እማማ ሌዎንቲን። «አፍንጫሽን ጥረጊ።»